ለሽማግሌው አጨብጫቢ አልፈልግም

«ወገኖቼ፣ ይሄ ጌም አይደለም፤ ሙዚየም ነው!»

ድንቢጥ ድምፁን ከሩቅ ለየችው። ለእረፍት ወጥተው አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ከሚንጫጩት የክፍሏ ልጆች መሀል በክርኗ ሰንጥቃ ገባችና አየች። ሬድዮ ነው። የጎረቤቷ ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር የተጋሩት የራሷ ሬድዮ። ቪዲዮው ውስጥ የአክስቷ ጌም ቤት ጥግ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ አሮጌውን ማሽን እንደ ሞተ አይጥ በእግሩ ጫፍ ያሳያል። «እስቲ እውነቱን እናውራ፣ ዛሬ ይሄን የሚነካ ሰው አለ? እኔ በበኩሌ ነክቼውም አላውቅ!»

ነክቼውም አላውቅ! ባለፈው እሁድ ጌም ቤቱ ሳይከፈት በጓሮ በር ገብቶ፣ እዚያው ማሽን ላይ አውራ ጣቱ እስኪያብጥ ሲጫወት ያረፈደው ታዲያ ማን ነው? የጎረቤት ድመት?

አንዷ ልጅ ዞር ብላ «ያንቺ አክስት ቤት አይደል እንዴ?» ስትላት ድንቢጥ ደሟ ፈላ። ድንቢጥ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት ቁመቷን አይተው እንጂ አፏን ሰምተው አልነበረም።

«አዎ፣ የአክስቴ ቤት ነው። ማሽኑም ይሠራል። ይሄ ዓይን አውጣ ደግሞ በየሳምንቱ ይጫወትበታል!»

ማን ሊያምናት! እንዲያውም ሳቁ ባሰ። ሬድዮ አፉ አይዘጋም፣ ግን ያስቃል፤ የሚያስቅ ሰው ደግሞ ቢዋሽም ይታመናል። ድንቢጥ ጥርሷን ነክሳ ወደ ክፍል ገባች። ሬድዮም ዓይኗን ሸሽቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሲወጡ ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃ በቦርሳው ማንገቻ ያዘችው።

«ነክቼውም አላውቅ አልክ?»

«አቦ፣ ቪዲዮ ነው እኮ! ሰው ይስቃል፣ በቃ። አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካብጃለሽ።»

«መሳቁን ሳቅ። ለምን ትዋሻለህ?»

«ታዲያ ምን ልበል? 'ከሰፈሬ ልጅ ጋር ተደብቄ የድሮ ጌም እጫወታለሁ' ልበል? ያ የጌም ቤቱ አለቃ ካፒቴን ቢሰማ እኮ ዕድሜ ልኬን ፋራ እያለ ሙድ ይይዝብኛል።» ማንገቻውን ከእጇ አላቀቀ። «በዚያ ላይ ማንን ጎዳሁ? ማሽን አይከፋው!»

ማንን እንደጎዳ ያወቀችው ከሰዓት በኋላ ነው።

የአክስቷ ጌም ቤት በልብስ ሰፊውና በፀጉር ቤቱ መሀል የተወሸቀ አንድ ክፍል ነው። አክስቷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ቀና ሳትል ግን የማን ሰዓት እንዳለቀ ታውቃለች። እዚያ ቤት መሳደብ ክልክል ነው። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለብሶ መግባት ክልክል ነው። ጆይስቲክ የወረወረ ደግሞ ዳግመኛ ደጁን አይረግጥም። ልጆቹ ፊት ለፊቷ «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «ኮሚሽነር» ናት። ግድግዳው ላይ አራት ስስ ስክሪኖች ተደርድረዋል። ጥጉ ላይ ብቻ፣ ጀርባው የወጣ ወፍራም ቴሌቪዥንና ነጭነቱ ወደ ቢጫ የዞረ ባለ ካሴት ማሽን አለ። ስሙ «ሽማግሌው» ነው። አክስቷ ቤቱን ከነዕቃው ስትገዛ አብሮ የመጣ ነው።

ድንቢጥ ስትገባ አክስቷ በሜትር ጥጉን ትለካ ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው አክስቴ?»

«አምስተኛ ስክሪን ይገባል። ቅዳሜ ማታ አሮጌ ዕቃ ገዢው መጥቶ ሽማግሌውን ይወስደዋል።»

«እንዴ! ለምን?»

«ለምንማ? ያንን የጓደኛሽን ቪዲዮ ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። ልጆች እየመጡ ሙዚየሙ የቱ ጋ ነው እያሉ ይስቁብኛል። ሳስበው ደግሞ ልጁ እውነቱን ነው። ካንቺ በቀር ማን ይነካዋል?»

ሬድዮ ይነካዋል! ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ለአክስቷ ብትናገር ማሳበቅ ይሆናል፤ ማሳበቅ ደግሞ ነፍሷ አይወድም። «ተጫውተው ስላላዩት ነው!» አለች በምትኩ። «ጥግ ላይ፣ ከመጥረጊያ ጋር ወትፈሽው ማን ይቀመጥበታል? እስቲ አንድ ቀን ፊት ለፊት አድርጊው!»

አክስቷ ሜትሩን ጠቀለለች። ጨካኝ ሴት አይደለችም፤ ሥራዋ ላይ ግን ቀልድ የላትም። «እሺ። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ጋ አደርገዋለሁ። ካንቺ ሌላ አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ወዶ ተቀምጦ ቢጫወትበት ይቀራል። ካልሆነ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ልቅሶ የለም፣ ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች ድንቢጥ። አንድ ልጅ ይጠፋል?

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተሠራ፣ ፊት እንኳ የሌለው አንድ ፖስተኛ ቦርሳውን አንግቶ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ይዘላል። ሦስት ነፍስ አለው። ሦስቱም ካለቁ ከመጀመሪያው ጣሪያ ትጀምራለህ፤ ካቆምኩበት ልቀጥል ብሎ ነገር የለም። የመዝለያውን ቁልፍ መጫን ማንም ይችላል። ችግሩ መልቀቁ ላይ ነው። ቀድመህ ከለቀቅክ አጭር ይዘላል፤ ዘግይተህ ከለቀቅክ ከጭስ ማውጫው ጋር ይላተማል። ትክክለኛውን ሰዓት ዓይንህ አይነግርህም፤ ጣትህ ነው ቀስ በቀስ የሚማረው። ለዚህ ነው ድንቢጥ የምትወደው። ትናንት የገደላትን ጣሪያ ዛሬ ስታልፈው ማሽኑ ጉልበት ጨምሮላት አይደለም፤ ራሷ ጎብዛ ነው። የሠራው ሰውዬም ቀልደኛ ሳይሆን አልቀረም። ፖስተኛው ወድቆ ሲሞት የሚዘፈነው ዘፈን ከጨዋታው ሁሉ ደስ የሚለው ነው፤ ጥሩንባው፣ ከበሮው፣ ሠርግ ቤት የገባህ ይመስልሃል። እሷና ሬድዮ መጀመሪያ የሰሙት ቀን በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለው ነበር።

ደግሞ አሮጌ ሁሉ ወርቅ ነው የምትል ሞኝ አይደለችም። ሽማግሌው ሌላም ካሴት አለው፣ የመኪና እሽቅድምድም፤ መኪናው ከእግረኛ የማይቀድም፣ መሪው የማይታዘዝ፣ የለየለት ቆሻሻ። እሱ ዛሬውኑ ቢወረወር ግድ አይሰጣትም። አዲሶቹንም ጨዋታዎች ትወዳለች፤ የኳሱንም ጌም ትጫወታለች፣ አንድ ሁለቴ ካፒቴንንም አስደንግጣዋለች። ግን የጣሪያው ጨዋታ ጥሩ ነው። ዛሬም ጥሩ ነው። ይሄን ለማለት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም።

አርብ ማታ ሬድዮ በአጥሩ በኩል ጠራት። ሁለቱ ቤቶች በአንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ጭንቅላቱ ብቅ አለ።

«ስሚ፣ ስለ ቅዳሜው ሰምቻለሁ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም፣ ከምር። ግን አታስቢ፣ መላ አለኝ። ከታችኛው ሰፈር አራት ልጆች አመጣልሻለሁ። ተቀምጠው 'ዋው፣ እንዴት ያለ ጌም ነው' እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ደግሞ በምላሹ ከካፒቴን ጋር እንዲጫወቱ አደርጋለሁ። ኮሚሽነር ታምናለች፣ ሽማግሌው ይቀራል፣ በቃ!»

«አልፈልግም።»

«ለምን?»

«አጨብጫቢ አልፈልግም። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ራሱን ያስከብራል።»

«ራሱን ያስከብራል! ሰው ሳይነካው?»

«ከታች ሰፈር ድረስ ምን አስኬደህ?» አለችው ድንቢጥ። ሌላም ልትለው ፈልጋ ነበር፤ አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ፣ ያውም ወዶ የሚጫወት። ይሄን ግን ራሱ እንዲደርስበት ጠበቀች። ሬድዮ አንገቱን አከከ፣ ሰማዩን አየ፣ «እሺ በቃ፣ ያንቺው ጉድ ነው» ብሎ ከአጥሩ ወረደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌው በሩ ጋ ተሰየመ። ድንቢጥ አቧራውን ጠርጋ፣ ካሴቱን አውጥታ አፉ ላይ እፍ ብላ መልሳ ሰካችው። ፖስተኛው ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል የመጀመሪያዎቹ ልጆች እየገቡ ነበር። አንዱ ቆም ብሎ አየና «ስዕሉ ምነው ተቆራረጠ? ኔትዎርክ የለም?» አለ። ሌላው ተቀመጠ፣ ከመጀመሪያው ጣሪያ ወደቀ፣ ተነሳ። ሦስተኛዋ «ደስ ይላል» አለችና ስልኳ ሲጠራ ወጥታ ቀረች።

ካፒቴን ከጓደኞቹ ጋር ገባ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ በቤቱ ኳስ የሚረታው የለም። አንገቱን አዘንብሎ ሽማግሌውን ተመለከተው።

«እና ይሄ ነው ሙዚየሙ? አንቺ፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። አክስትሽ ደንበኛ ልታባርሪባት ነው።»

«ቁጭ በልና ሞክረው።»

«ምን ቆርጦኝ! እንዲህ ያለውን የሚወዱ አጎቶቻችን ናቸው። ልጅነታቸው ስለሚናፍቃቸው ነው እንጂ ጨዋታው ጥሩ ሆኖ አይደለም።»

«እኔ ስወለድ ይሄ ማሽን አርጅቶ ነበር» አለች ድንቢጥ። «ምኑን ነው የምናፍቀው? አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ነው የጀመርኩት። ጥሩ ስለሆነ ነው የምወደው!»

ካፒቴን ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ግን አልቀለደም። «እሺ ይመችሽ። ለእኔ ግን ቆሻሻ ነው» አለና ወደ ኳሱ ሄደ።

ሰዓቱ ሄደ። አክስቷ ሹራቧን ትሠራለች። ድንቢጥ ብቻዋን ትጫወታለች። በሩን አሥር ጊዜ ዞራ አየች፤ ይምጣ የምትለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

መጣ ደግሞ። ግን ብቻውን አልነበረም። አራት ልጆች እየተገፋፉ ገቡ፣ ሬድዮ ከኋላቸው የበሩን መቃን ተደግፎ ቀረ። ልጆቹ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው መጡ። «ኧረ እዩት! እንዴት ያምራል!» አለ አንዱ፣ ገና ስክሪኑን ሳያይ። ድንቢጥ አፏን ከፍታ ስታያቸው ትልቁ ልጅ ጆይስቲኩን ከእጇ ወሰደ።

ፖስተኛው ሮጠ፣ ዘለለ፣ አጭር ዘለለ፣ መንገዱ ላይ ተፈጠፈጠ። ጥሩንባው ነፋ፣ ከበሮው ተመታ። አራቱም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

«አለፍነው! ዋው! እንዴት ያለ ጌም ነው!»

እንደገና ሞተ፤ እንደገና አጨበጨቡ። ፖስተኛው በወደቀ ቁጥር ይተቃቀፋሉ። ሬድዮ በሩ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ይዟል፤ ዘፈኑ የምን እንደሆነ ሳይነግራቸው ቀርቷል። እዚያ ቤት ያንን ዘፈን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አክስቷ ጨዋታውን አታውቀውም፤ ጩኸቱን ነው የምትሰማው። መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፈገግ አለች።

«በይ እንግዲህ፣ ረታሽኝ» አለቻት። «እንዲህ ከወደዱት ይቀራል። ለገዢው አልሸጥም እለዋለሁ።»

ድንቢጥ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ይቀራል! ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሬድዮም ከበሩ ሆኖ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ በዓይኑ ለመናት። ልጆቹ ለአራተኛ ጊዜ ሞተው ጮቤ ይረግጣሉ። ስታያቸው ሳቅ ያዛት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ወደ ንዴት ዞረ። ያን ሁሉ ቀን ጥሩ ነው ብላ የተሟገተችለት ጨዋታ፣ አጨብጫቢ እንደሚለመንለት ሰው ሊሆን? ከአንገት በላይ በሆነ ጭብጨባ ሊኖር? በመጣች ቁጥር ጥጉን እያየች ይሄን ልታስታውስ ነው?

«አክስቴ፣ ውሸታቸውን ነው» አለች።

ካፒቴን እንኳ ኳሱን አቆመ።

«ምን አልሽ?»

«እየሞቱ እኮ ነው የሚያጨበጭቡት! ያ ዘፈን የሞት ነው።» ወደ ትልቁ ልጅ ዞረች። «ማን አስመጣችሁ?»

ልጁ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። ጓደኞቹን አየ፣ ቀጥሎ ሬድዮን አየ። አፉን ሳይከፍት ነገሩ ሁሉ ተነገረ። ካፒቴን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለሞቱበት ነው እንዴ ያጨበጨቡት? ወይ ጉድ!»

«አስወጣሽን እንግዲህ» አለ ትልቁ ልጅ ተቀይሞ፤ አራቱም ተከታትለው ወጡ።

አክስቷ ሬድዮን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል አሉ። ያንተ ግን ማደር እንኳ አልቻለም።» ከዚያ ወደ ድንቢጥ ዞረች፤ ድምፅዋ ትንሽ ለሰለሰ። «አንቺስ፣ አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት? አሁን እኮ ቃሌ ቃል ነው።»

«አውቃለሁ። እንደዚያ ከሚቀር ይሂድ።»

«አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ?» አለ ሬድዮ፣ ጆሮው እስኪቀላ ተናዶ። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው! ቀርቶልሽ ነበር!»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ለምን ራስህ አልተቀመጥክም?» ወደ ባዶው መቀመጫ ጠቆመች። «አንድ ልጅ ነው የተባለው። አንድ! ጣሪያዎቹን አልፈህ ጨዋታው ውስጥ እስካለው ድልድይ የደረስከው አንተ አይደለህም? አራት ውሸታም ከምታመጣ አንተ መጥተህ እዚህ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር!»

ሬድዮ ካፒቴንን አየ። ካፒቴን ሬድዮን አየ። ሬድዮ ጆይስቲኩን ሳይነካ ዞሮ ወጣ።

ድንቢጥ ማሽኑን ነቀለች። «ለገዢው አትስጪው አክስቴ። እኔ ቤት እወስደዋለሁ።»

«እናትሽ ምን ትላለች?»

«የፈለገችውን ትበል፤ እለምናታለሁ።»

ማሽኑ ቀላል ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን ድንጋይ ነው፤ ታቅፋ ልታነሳው ብትል ንቅንቅ አላለም። እንደገና ስትሞክር ሁለት ረጃጅም ክንዶች ከጎኗ ገቡና አነሱት።

«ለዚህ ቆሻሻ ጡንቻዬን ማባከኔ!» አለ ካፒቴን እያቃሰተ። «ወዴት ነው? ቶሎ ምሪኝ፣ ወገቤ ሳይቆረጥ።»

መንገዱን ሲሻገሩ የፀጉር ቤቱ ሴቶች ወጥተው ሳቁ፤ ካፒቴን ለነሱም መለሰላቸው። ቤት ሲደርሱ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ይሄ ሣጥን ደግሞ የት ሊገባ ነው? በአሮጌ ዕቃ ልትቀብሪኝ ነው?» ድንቢጥ የልብሷን ሣጥን ከጓዳ ጎትታ አመጣች፤ ልብሷን አራግፋ አልጋዋ ሥር ከተተችና ቴሌቪዥኑን በሣጥኑ ላይ አስቀመጡት። እናቷ ሣጥኑን አየች፣ ልጇን አየች። «መብራቱን ራስሽ ነሽ የምትቆጥቢልኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ካፒቴን እጁን አራገፈ። «አሁንም ቆሻሻ ነው» አለ ከበሩ።

«ይሁንልህ። ስላገዝከኝ አመሰግናለሁ።»

ሣጥኑን ያስቀመጠችው ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ መንገዱን ፊት ለፊት ከሚያየው በር ትይዩ። ጓዳ ብታገባው ይሻል ነበር፤ አላፊ አግዳሚው አያያትም፣ እናቷም አትነጫነጭም። ድንቢጥ ግን በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ድንጋይ አስደግፋ ተወችው። ቁልፉን ስትጫን ፖስተኛው መጀመሪያው ጣሪያ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሁለት ሕፃናት ከመንገድ ቆመው አዩ፣ ሄዱ። ይሂዱ። ለመለመን አልተቀመጠችም።

ሁለተኛ ነፍሷ ላይ ሳለች በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም፤ ሲጨንቀው የሚያደርገው የጫማ መፋተግ ይሰማል።

«ድንቢጥ» አለ ሬድዮ። «ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ።»

ፖስተኛው ሮጠ፣ ዘለለ፣ ጣቷ በሰዓቱ ለቀቀ።

«መንገድ ላይ ካፒቴን አገኘኝ። ፋራ አለኝ።» ጫማውን እንደገና አፋተገ። «አዎ፣ ነኝ አልኩት። እጫወታለሁ አልኩት።»

ቀጣዩ ጣሪያ ሰፊ ነው፤ እዚያ ትንፋሽ መሰብሰብ ይቻላል። ድንቢጥ አልተነሳችም፣ ቦታም አልለቀቀችለትም። ንዴቷ አልበረደም፣ የበረደ ለመምሰልም አልሞከረችም።

«በርጩማው ጓዳ ነው» አለችው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ራስህ ጎትተህ አምጣ።»